ፈሪው ውሻና የተመለሰው ስንቅ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከሕሊና ጋር ብሪክስተን ገበያ ስንዞር፣ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ መስኮት ላይ አንድ የልጅ ምሳ ዕቃ አየሁ። ቆርቆሮ ነው፤ ጠርዙ ዝጓል። ክዳኑ ላይ ያ ቡናማ የካርቱን ውሻ ዓይኑ ፈጦ፣ ጉልበቱ ተብረክርኮ፣ ከአራቱ ወጣቶች ኋላ ተደብቋል። ሕሊና ሳቋ መጣ። "ማሚ፣ ያንቺ ውሻ" አለችኝ። እኔ አልሳቅኩም። አማተብኩ። ሱቅ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በመስታወቱ አሻግራ አይታኝ ግራ ገባት። ስልሳን ያለፈች፣ ልጅ አሳድጋ የልጅ ልጅ ያየች ሴት የካርቱን ውሻ አይታ ታማትባለች። ይሳቅብኝ፣ ግድ የለኝም። ያን ውሻ ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የነበረው የለንደን ብርድ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍላችን፣ የቅዳሜ ጠዋት ጭርታ፣ ባለቤቴ ግርማ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ በር በሩን እያየሁ የተቀመጥኩበት ዘመን።

ግርማ አዲስ አበባ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ክፍል ውስጥ የተወደደ፣ አፉ ግን የማያርፍ ሰው ነው። ፖለቲካውን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ የማውቀው ነገሩ ሲከር ለእኔና ለሕሊና ትኬት ቆርጦ "እናንተ ቅደሙ፣ እኔ እከተላለሁ" ብሎ እንደላከን ነው። አልተከተለም። እኛ እዚህ ገብተን ብዙም ሳንቆይ ከቤቱ ወሰዱት። ሕሊና ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ የት እንዳለ ስትጠይቀኝ "ሥራ ላይ ነው" እላታለሁ፤ እሷም እንዳላመነችኝ በሚያስታውቅ ትሕትና "እሺ" ትለኛለች።

ክፍላችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የካውንስል፣ የመንግሥት ኪራይ ቤት፣ ሕንፃ ውስጥ ነበረች። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ፣ ነፋስ ወደሚያፏጭበት ረጅም በረንዳ ነው። መብራቱ ሒሳቡ አስቀድሞ በፕላስቲክ ቁልፍ የሚሞላ ነው፤ ቁልፏን ይዘን ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ቶፕ አፕ እናስደርጋለን፣ ሲያልቅ ድርግም ይላል። ቴሌቪዥኑን የተወችልን ወደ ሃክኒ የተዛወረች ጎረቤት ናት፤ ጀርባው እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ፣ በተሰበረው አንቴናው ፋንታ የልብስ መስቀያ ሽቦ የተሰካበት። ሕሊና ከአገር የመጣችው በስስ ሹራብ ስለነበረ ወይን ጠጅ ጃኬት ገዛሁላት፣ ያውም ካገለገለ ልብስ ቤት፤ እጅጌው ረዝሟት ብርዱ እስኪያልፍ ተጠቅልሎ ከረመ። ገበያው አሁን ቡናውም ዳቦውም የሀብታም ሆኗል፣ ያኔ ግን የደረቀ ዓሣና ፕላንቴን የሚሉት የበሰለ ሙዝ ይሸታል፤ ጃማይካዊው ሥጋ ሻጭ በሩ ላይ ቁም ሣጥን የሚያህል ድምፅ ማጉያ አቁሞ ሬጌውን ይለቀዋል፣ አሮጊቶቹ ቦርሳቸውን እየጎተቱ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። በየሱቁ መስታወት ላይ የስልክ ካርድ ተለጥፏል፤ አንበሳ ያለበት፣ ዘንባባ ያለበት፣ ፀሐይ የምትጠልቅበት። አምስት ፓውንድ ከፍለሽ በሳንቲም ትፍቂዋለሽ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ያናግራል ይልሻል፣ ገና "እንደምን አላችሁ" ተባብለሽ ሳትጨርሺ ይቆረጣል። ያን ካርድ የሠራውን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

እንግዲህ በዚያ ቴሌቪዥን ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣው ይሄ ካርቱን ነበር። ስሙን ዛሬም በትክክል መጥራት አልችልም፣ ሕሊና ስታርመኝ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። አራት ወጣቶችና አንድ ትልቅ ፈሪ ውሻ በመኪና ሆነው ይዞራሉ። የሚደርሱበት ቦታ ሁሉ ጨለማ ነው፤ የተዘጋ ሆቴል፣ የተተወ የመዝናኛ ቦታ፣ መቃብር አጠገብ ያለ ቤት። አንድ ጣረ ሞት ሰዉን ያስፈራራል። ወጣቶቹ ዱካ ይለቅማሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ጣረ ሞቱን በገመድ ጠፍረው ጭምብሉን ሲያወልቁለት ሰው ሆኖ ይገኛል፤ የሆቴሉ ባለቤት፣ ወይም ጥበቃው፣ ወይም መጀመሪያ ላይ ሻይ ያቀረበላቸው ደግ ሰውዬ። እኔ መጀመሪያ ቀን ሳየው ዘልዬ አጠፋሁት። ልጄ ፊት፣ ያውም በጠዋት፣ አጋንንት። በሁለተኛው ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጠበል በእጄ ጨለፍ አድርጌ ቴሌቪዥኑ ላይ ረጨሁ። ከኋላው ጭስ ወጣ፣ ምስሉም ለአንድ ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ሰነበተ። ሕሊና አልተቆጣችኝም። እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝና "ማሚ፣ ዶንት ዎሪ፣ ሰውዬ ነው እኮ። ሁሌም ሰውዬ ነው" አለችኝ።

እንግሊዝኛዋን የተማረችው ከዚያ ውሻ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ታሪኩንም አጠናችው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ኮምፒውተር ላይ ትፈልግና ማታ ትነግረኛለች። ካርቱኑ ገና እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው የተጀመረው። የዚያን ጊዜ ወላጆች የልጆች ፊልም ዱላ በዛበት፣ ደም በዛበት ብለው ስላማረሩ፣ የሚያስፈራ ግን ማንንም የማይጎዳ ነገር እንሥራ ተብሎ ነው አሉ ጣረ ሞቱ ሁሉ ሰው የሆነው። ከዚያ ሥራው አልቆመም። አንዴ ለውሻው ትንሽ የእህት ልጅ ተጨመረለት፣ አንዴ አራቱ ወጣቶች ሕፃናት ሆነው ተሳሉ፣ ሌላ ጊዜ እውነተኛ ተዋንያን ሠሩት። የሣሉት ሰዎች አርጅተው ሄዱ፣ ሌሎች ተተኩ። ወጣቶቹ ግን ያንኑ ልብስ ለብሰው ያንኑ ጥግ ሲዞሩ ይኖራሉ። አሁን የሕሊና ልጅ በታብሌት የምታየው ፀጉሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ የሚነካ የሚመስል ውሻ ነው፤ እኔ ግን አሮጌውን፣ ሲሮጥ ከኋላው ያው ግድግዳና ያው ሻማ የሚደጋገመውን እመርጣለሁ። አንድ ቀን ሕሊና ፊቷ ተለውጦ መጣች። "ማሚ፣ በመሃል የሠሯቸው አንዳንዶቹ ላይ ጣረ ሞቱ ሪል ነው። ሰውዬ የለም" አለችኝ። ያን ሌሊት አልጋዬ ውስጥ ገባች። እኔም አቀፍኳት።

እኔን ያን ያህል ያስፈራኝ ጣረ ሞቱ አልነበረም፤ የሚያስፈራኝ መኪናቸው ነው። የእነሱ አበባ የተሳለባት፣ ደማቅ፣ የትም ስትደርስ ሰው የምታድን መኪና ናት። በእኔ ልጅነት፣ በደርግ ጊዜ ግን በር ላይ ቆማ ወጣቶች የሚወርዱባት መኪና ለደግ መጥታ አታውቅም። እኔ ልጅ ሆኜ ታላቅ ወንድሜን የወሰደችው እንዲህ ያለች ነች። እናቴ በየቀኑ ስንቁን በሳሕን አድርጋ፣ በጨርቅ ቋጥራ ወደ እስር ቤቱ ትሄድ ነበር። ባዶው ሳሕን ሲመለስላት በልቷል ማለት ነው፤ ጣቱ የነካውን ሳሕን እያየች ትመጣለች። አንድ ቀን ዘበኛው ስንቁን እንደ ተቋጠረ መለሰላትና "ከእንግዲህ አታምጪ" አላት። ሌላ ነገር አልነገሯትም። ሌላ ነገር መንገርም አላስፈለገም። በዚያ ዘመን ያለፈ ሰው ሁሉ የተመለሰ ስንቅ መርዶ እንደሆነ ያውቃል።

ይህን የማወራው ምክንያት አለኝ። ያን ጊዜ ለግርማ ስንቅ የምታደርስለት እህቱ ነበረች። አንድ ሐሙስ በአንበሳው ካርድ ደወልኩላት። ድምፅዋ ጥድፊያ ነበረበት። "ስንቁን መለሱብኝ" አለችኝ። "ምን ማለት ነው? ምን አሉሽ?" ስላት፣ "እታገኝ፣ ጸልዪ ብቻ። በስልክ አይሆንም" አለችና ተቆረጠ። ካርዱ አልቆ ይሁን እሷ ዘግታው አላውቅም። ስልክ ቤቱ ውስጥ ቆሜ የዚያን ካርድ አንበሳ አየዋለሁ። ጉልበቴ እውነት ከዳኝ። ያ ውሻ ሲፈራ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጠው ለማሳቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰውም እንደዚያ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ዱካ መልቀም ጀመርኩ፤ እንደ ካርቱኑ ወጣቶች፣ ግን ላገኘው የማልፈልገውን ነገር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ወደ ሴቶቹ ስጠጋ ወሬያቸው ቆመ። አንዷ ጉንጬን ስማ ከሚገባው በላይ ያዘችኝ። ጋሽ ደምሴ፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ለንደን የኖሩና የአበሻ ደስታም ሐዘንም ያለ እሳቸው የማይሆን ሽማግሌ፣ ሁልጊዜ "እንዴት ነሽ ልጄ፣ ግርማስ?" ይሉኝ የነበሩት፣ የዚያን ቀን "እንዴት ነሽ ልጄ" ብቻ ብለው አለፉ። "ግርማስ" የሚለው ቀረ። አንድ ቃል ሲጎድል እንዲህ የሚያስፈራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የባሰው ረቡዕ ማታ ነው። ከታችኛው ፎቅ የምትኖረው ወይንሸት መጣች። ወይንሸት ከባቡሩ ድልድይ ሥር ፀጉር የምትሠራ፣ ስትስቅ ሕንፃው የሚሰማላት፣ ለእኔ ከእህት የማትተናነስ ሴት ናት። ያን ማታ ግን ሳትቀመጥ፣ የጃኬቷን ዚፕ እያወጣች እያወረደች፣ "ቅዳሜ ሕሊናን ለእኔ ስጪኝ። ማለዳ ወስጃት ክላፋም ሲኒማ አሳያታለሁ" አለችኝ።

"ቅዳሜ? ቅዳሜ እኮ ሥራሽ የሚሞላበት ቀን ነው።"

"ኦፍ ወስጃለሁ።"

"አንቺ? ቅዳሜ?"

"ምን ችግር አለው? አንድ ቀን እኔም ልረፍ እንጂ" አለች፤ ዓይኔን ሳታይ ነው ይህን ሁሉ የምትለው።

ይህን የሚያነብ ወጣት ምኑ ያስፈራል ሊል ይችላል። በእኛ ወግ ሞት በስልክ አይነገርም። የሰውን ሞት የሰማ ሁሉ አፉን ይዞ ይቆያል፣ ይመካከራል፣ ከዚያ ሰብሰብ ብለው በማለዳ፣ ባለ ሐዘኑ ከቤት ሳይወጣ፣ መጥተው ያረዱታል። አገር ቤት በማንኛውም ቀን ይሆናል። ለንደን ግን ሰው ሁሉ የሥራ ሺፍት አለበት፤ ስለዚህ መርዶ የሚነገረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ የቅርብ ጓደኛ፣ መኪና ያለው አንድ ሰው። ነጠላቸውን በሱፐርማርኬት ፌስታል ውስጥ ደብቀው ይመጣሉ። ልጅ ካለ ደግሞ አስቀድሞ በዘዴ ከቤት ይወጣል፤ የእናቱን ጩኸት እንዳይሰማ። ወይንሸት ልጄን የጠየቀችኝ ለዚህ ነው። "አልሰጥሽም" አልኳት። እንዲያ ስላት ደነገጠች፤ እኔም የባሰ ደነገጥኩ።

ቅዳሜ ሲነጋ ሕሊና ብርድ ልብሷን ተከናንባ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። ካርቱኑ ተጀመረ፤ የባሕር ዳር ሆቴል፣ አረንጓዴ ጣረ ሞት። እኔ መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ወደ ታች፣ ወደ መኪና ማቆሚያው አያለሁ።  እግዚአብሔርን በስሙ ጠርቼ ለመንኩት፤ ዛሬን አሳልፍልኝ፣ ከፈለግህ ሰኞ ንገረኝ አልኩት። ወዲያው ያረጀች ብርማ ሚኒካብ ታክሲ ገብታ ቆመች። ከሹፌሩ ወንበር ነጭ ጥምጥም ያደረጉት ቄሳችን ወረዱ፤ በሥራ ቀን ሚኒካብ ስለሚነዱ መኪናዋ የእሳቸው ናት። ከጎናቸው ጋሽ ደምሴ በጥቁር ካፖርት። ከኋላ ወይንሸት፣ በእጇ ፌስታል፣ ከፌስታሉ አፍ የነጠላ ጥለት ብቅ ብሏል።

ቴሌቪዥኑን ነቀልኩት። "ማሚ፣ ሊይዙት ነበር እኮ" አለች ሕሊና። አፏን በእጄ ያዝኩ፣ ሶፋው ኋላ ወስጄ አስጎነበስኳትና እኔም ተጎነበስኩ። የአራት ወጣቶችና የአንድ ውሻ ታሪክ ስንት ጊዜ አይቼ ስቄበታለሁ፤ ሶፋ ኋላ መደበቅ ለካ ይህን ይመስላል። እግራቸው በበረንዳው ላይ ተሰማ። በሩ ተንኳኳ። "እታገኝ፣ እኛ ነን፣ ክፈቺ" አለች ወይንሸት።  በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ግርማ አልሞተም። አስበውት፣ ተስማምተውበት፣ ቃሉን አዘጋጅተው መጥተዋል፣ ግን ካልሰማሁት አልሆነም። ሶፋው ኋላ ዕድሜዬን ሙሉ መኖር እችል ነበር። እንደገና ተንኳኳ። ያኔ ሕሊና ከእጄ ሹልክ ብላ ተነሳች።

"ተመለሺ" አልኳት በሹክሹክታ።

በሩ ላይ ባለችው ቀዳዳ በእግር ጣቶቿ ቆማ አየች። ወደ እኔ ዞራ እንደምታባብለኝ ሆና፣ "ማሚ፣ ሰዎች ናቸው እኮ። ወይንሸት ናት" አለችና ከፈተችው።

ገቡ። ሦስቱም ሶፋ ኋላ ተጎንብሼ ሲያዩኝ ቆመው ቀሩ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው "ልጄ፣ በመጀመሪያ ነይ ተቀመጪ" አሉኝ። ይህ ቃል ነው፤ ሁሉም መርዶ የሚጀምረው በዚህ ቃል ነው። ከዚያ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ግርማዬን እየጠራሁ ደረቴን ደቃሁ፣ ፀጉሬን ነጨሁ። ሕሊና ጮኸች። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ወለሉን ደበደቡ። ወይንሸት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "አይደለም፣ አይደለም" ትላለች፣ እኔ አልሰማትም። በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ የማላውቃቸው ሰው፣ "አንቺ ሴት፣ ስሚን እንጂ። አልሞተም። ወጥቷል። ናይሮቢ ነው" ብለው ጮኹ።

አላመንኳቸውም። ለእናቴም ሊያረዷት የመጡት ጎረቤቶች መጀመሪያ "ሆስፒታል ነው" ብለዋት ነበር፤ እንዲህ ነው የሚያለሳልሱት። "ማሉልኝ" አልኩ። ቄሱ "ቄስ አይምልም ልጄ" አሉና፣ መሐላ ባይሆንም መስቀሉን እጄ ውስጥ አስጨብጠው ያዙልኝ። ጋሽ ደምሴ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ግርማን ሳይታሰብ ለቀውታል። እህቱ ስንቁ ሲመለስባት እሷም እንደ እኔ መስሏት እያለቀሰች ስትመለስ እቤቷ ደጅ ተቀምጦ አገኘችው። እንደገና እንዳይወስዱት ያንኑ ማታ ከከተማ አስወጣችው፤ በስልክ ልትነግረኝ ያልደፈረችው ጆሮ ጠቢውን ፈርታ ነው። ለጋሽ ደምሴ ግን በሰው አስነገረች፤ ናይሮቢ የሚኖር ዘመዳቸው እስኪረከበው ድረስ እዚህም ቢሆን አፋችንን እንያዝ ተባባሉ፤ የእኛው ሰው ውስጥ ማን ለማን እንደሚያወራ ማን ያውቃል። ትናንት ተረከበው።

"ታዲያ እንዲህ ተሰብስባችሁ ቅዳሜ ማለዳ የምትመጡት ምን ነክቷችሁ ነው?" አልኳቸው። እንባዬም ንዴቴም አንድ ላይ ነው የሚወርደው።

"ብቻሽን ሰምተሽ በደስታ እንዳትወድቂ ብለን ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ አፍረው። "ልጅቷም እንዳትደነግጥ።"

"ነጠላውስ?"

"ከዚህ ወጥተን ለምስጋና ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ" አለች ወይንሸት። ከፌስታሉ ከነጠላው ሥር ገና ትኩስ የሆነ የስንዴ ድፎ ዳቦ አወጣች። ሞትንም ምሕረትንም በአንድ መኪና፣ በአንድ ልብስ፣ በአንድ ሰዓት የምንነግር ሕዝብ ነን፤ ሰው ከሩቅ አይቶ በምን ይለየው?

ጋሽ ደምሴ ሞባይላቸውን አወጡ። ከካርዱ ላይ ያን ሁሉ ቁጥር እያነበቡ መቱ፤ በቴፕ የተቀዳችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ስንት ደቂቃ እንዳለን ተናገረች፤ ጠራ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። ሁላቸውም ከበውኝ ቆመዋል፤ ሕሊና ቀሚሴን ይዛለች። አንድ ሰው አነሳ። ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው።

"ግርማ?" አልኩ።

"እታገኝ።" እሱ ነው። ግን ክፍል ሙሉ ተማሪ ያዳምጠው የነበረው ያ ድምፅ አይደለም፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ እንደሚናገር ሰው ነው። ደህና ነሽ ወይ አላለኝም፣ ስለ ልጁ አልጠየቀኝም። "ማን አለ አጠገብሽ?" አለ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ጋሽ ደምሴን፣ ቄሱን፣ ወይንሸትን። በእንባ የረጠበ ፊታቸው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል።

"ማንም የለም" አልኩት። "እኔና ሕሊና ብቻ ነን።"

እንዳላመነኝ ገባኝ፤ እየመዘነኝ ነው። ጋሽ ደምሴ ያልኩትን ሰምተዋል።  የቄሱን ክንድ ነካ አደረጉ፣ ወይንሸትን በዓይናቸው ጠሩ፣ ሦስቱም ጫማቸው ወለሉን እንዳያሰማ እየተጠነቀቁ ወደ በረንዳው፣ ወደዚያ ብርድ ወጡ። ጋሽ ደምሴ በሩን ከውጭ ቀስ አድርገው ዘጉት።

"አሁን ተናገር፣ ግርማዬ" አልኩት።